በፈረቃ የተያዘ ትምህርት፦ ልጅ ይዛ ዩኒቨርሲቲ የገባች ተማሪ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በ18 ዓመቷ የአራት ወር ሕፃን እያጠባች የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የወሰደችና ከዚያም በአቅም ማሻሻያ (ሪሜዲያል) ፕሮግራም በኩል እኔ የማስተምርበት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባች የአንዲት ተማሪ ጉዳይ ነው። ከመጋቢት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት አማካሪዋ ስለነበርኩ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትንና እርሷ የነገረችኝን ነው። ረቂቁን አንብባ እንዲወጣ ፈቅዳለች፤ ሁለት ቦታ ላይም «እንዲህ አልነበረም» ብላ አርማኛለች። ስሟን፣ ቀበሌዋንና የዩኒቨርሲቲውን ስም አላነሣም።

ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ጀግንነቷን ለማወደስ አይደለም። እንዲህ ያለ ታሪክ በአገራችን ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በፈተና ሰሞን፣ ለአንድ ቀን ዜና ሆኖ ነው። በሰኔ 2011 ዓ.ም. በመቱ ከተማ አንዲት የ21 ዓመት ወጣት በወለደች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ፈተናዋን መውሰዷ ከአገር አልፎ በውጭ ዜና ማሰራጫዎች ጭምር ተነግሯል። ፎቶግራፏን ያየ ሁሉ ተደንቋል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ልጁን ማን እንደያዘላት የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ያ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ከትምህርት ቤት እስከ ፈተና

ተማሪዋ የተወለደችው በሰሜን ሸዋ ገጠር፣ ከወረዳው ከተማ የሁለት ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ርቆ በሚገኝ ቀበሌ ነው። የተዳረችው በ16 ዓመቷ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች በጥር ወር 2013 ዓ.ም. ነበር። የጋብቻ ዕድሜ በቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት መሆኑን፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻም በ1997 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 እንደሚያስቀጣ ቤተሰቡ በደንብ ያውቅ ነበር፤ ድግሱ ለጎረቤት የማኅበር ዝክር ነው ተብሎ የተነገረውም ስለዚሁ ነው። ይሁንና አባቷ ሽማግሌዎች ፊት አንድ ቃል አስይዘው ነበር፦ ልጅቱ 12ኛን እስክትጨርስ ትምህርቷን እንዳይከለክሏት። ይህ ቃል ባይኖር ኖሮ የማወራው ጉዳይ አይኖርም ነበር፤ ስለዚህ በሕግ ፊት ጥፋተኛ የሆነው ያው አባት ለትምህርቷም የመጀመሪያው ዋስ መሆኑን መመዝገብ አለብኝ።

ልጁ የተወለደው በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሲሆን እርሷ ያኔ 17 ዓመቷ ነበር። የወለደችበት ዕድሜ በኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. መረጃው የተሰበሰበው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሚሆናቸው ሴቶች 13 በመቶ የሚሆኑት ወልደው ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘው ነበር፤ መጠኑ በአዲስ አበባ 3 በመቶ ሲሆን በአፋር 23 በመቶ ደርሷል። ያልተለመደው ነገር ከወለደች በኋላ ደብተሯን አለመዝጋቷ ነው።

በዚያ ዓመት ፈተናው ወደ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. መሻገሩ ለብዙ ተማሪ መከራ ነበር፤ ለእርሷ ግን የአራት ወር ዕረፍት ሆነላት። የመቱዋ ወጣት በተቃራኒው ከመውለዷ በፊት ልትፈተን አቅዳ ሳለ ፈተናው በረመዳን ምክንያት በመገፋቱ ቀኑ ከምጧ ጋር ገጥሞባታል። የፈተና ቀን ሲወጣም ሆነ ሲቀየር የማንም ማሕፀን አይቆጠርም፤ አንዷን የጠቀመው መራዘም ሌላዋን አልጋ ላይ አስፈትኗል።

ስርቆትን ለመከላከል ሲባል ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ተፈታኞች ቀደም ብለው ይገባሉ፣ እዚያው ያድራሉ፣ ስልክ አይዙም፣ ፈተናው ሳያልቅ አይወጡም። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የተፈተኑት ከጥቅምት 8 እስከ 11 ነበር። እናቷ ሕፃኑን አዝለው ተከትለዋት መጥተው ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለ አንድ የጭቃ ቤት ለስድስት ሌሊት ክፍል ተከራዩ። በመጀመሪያው ቀን ጡቷ በወተት ተወጥሮ፣ ቀሚሷ ርሶ፣ የሒሳብ ፈተና ወረቀት ላይ እንደተቀመጠች ነግራኛለች። «ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ሆኜ ውጭ የሚያለቅስ ሕፃን ሰማሁ፤ የእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጡቴ ግን አላወቀም» ያለችኝን አልረሳም። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት ፖሊስ ሁኔታዋን አይታ የፈተና አስተባባሪውን አነጋገረችና በቀን ሁለት ጊዜ በጥበቃ ቤቱ ውስጥ፣ ፖሊሷ ባለችበት፣ ለሩብ ሰዓት እንድታጠባ ተፈቀደላት። መመሪያ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። የሴትዮዋ ርኅራኄ ነው። ወደ ፊት እንደሚታየው የጉዳዩ አብዛኛው መፍትሔ የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ለእኔም ዋናው ችግር ይኸው ነው።

ውጤቱ በጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። እርሷ ከእነዚህ መካከል አልነበረችም፤ ነገር ግን ነጥቧ ለአቅም ማሻሻያ ፕሮግራሙ አበቃት። ቤቷ ያለችበትን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ይህን ውጤት እንደ ውድቀት አይቆጥረውም።

ምደባና ያልወጣው የልደት ምስክር ወረቀት

በከፍተኛ ትምህርት ምደባ ወቅት ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች፣ እንደ አካል ጉዳተኞች፣ እንደ መንትዮችና ከባድ የጤና ችግር እንዳለባቸው ተማሪዎች ሁሉ፣ ማስረጃ አቅርበው ምደባቸው በልዩ ሁኔታ እንዲታይላቸው የሚጠይቁበት አሠራር አለ። ተማሪዋ ይህን የሰማችው ከቤቷ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቅ ዩኒቨርሲቲ ከተመደበች በኋላ ነው። ቅጹን የሞላላት የወረዳው ከተማ ኢንተርኔት ቤት ልጅ ነበር፤ ከኋላዋ ያዘለችውን ሕፃን እያየ «ልጅ አለሽ?» ብሎ አልጠየቃትም፣ እርሷም መነገር ያለበት ነገር መሆኑን አላወቀችም።

ሆኖም ብታውቅም ኖሮ መጠቀሟን እጠራጠራለሁ። ማስረጃ ከሚባሉት አንዱ የሕፃኑ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ ሲኖርበት የዚህ ሕፃን ልደት አልተመዘገበም ነበር። ምክንያቱ ቸልተኝነት አልነበረም። ቤተሰቡ የፈራው መዝገቡ የእናቲቱን ዕድሜ ሲጠይቅ ጋብቻው ይገለጣል፣ የተማሪዋ አባት ይከሰሳሉ ብሎ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ያለ ዕድሜዋ የተዳረች ልጅ ከመንግሥት ድጋፍ ለማግኘት የምታቀርበው ወረቀት ያው በእርሷ ላይ የተፈጸመው ወንጀል ማስረጃ ነው። ሕጉ ልጆችን ለመጠበቅ የወጣና የምደግፈው ቢሆንም ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ተጎጂዋን ወደ መስኮቱ እንዳትቀርብ የሚያስፈራት መሆኑን ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። በእኔ ግፊት የልደት ምዝገባው በኋላ ዘግይቶ ተፈጸመ፤ የተፈራው ክስም አልመጣም።

«ግቢ ይዤው ብመጣ ያባርሩኛል?»

በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ወደ ግቢያችን ስትመጣ ልጁን ለእናቷ ትታ ነበር። ዘጠኝ ወሩ ነበር፤ የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት ያስከተበችው በመነሻዋ ዋዜማ መሆኑን የክትባት ካርዱ ያሳያል። ስድስት ሴቶች በሚጋሩት ዶርም ተደራራቢ አልጋ ደርሷት ትምህርት ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ቢሮዬ መጥታ ወንበር ሳትይዝ፣ በሩ ላይ እንደቆመች፣ «መምህር፣ ልጄን ግቢ ይዤው ብመጣ ያባርሩኛል?» አለችኝ። ልጅ እንዳላት ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው። የመግቢያ ቅጹን አውጥቼ ስመለከት የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ የተጠሪ ስልክ፣ የጋብቻ ሁኔታ የሚሉ ባዶ ቦታዎች አሉት፤ ልጅ የሚል የለውም። ተማሪ የሌላ ሰው ልጅ እንጂ የሌላ ሰው ወላጅ ሊሆን እንደሚችል ቅጹን ያዘጋጀው ሰው አላሰበም።

ዶርም ውስጥ ሕፃን ማሳደር አይፈቀድም፤ ይህ ክልከላ ስድስት ሰው በሚያድርበት ክፍል ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። የቀሯት ምርጫዎች ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው አቋርጦ መመለስ ነው፤ መደበኛ ተማሪ ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቶ በሚቀጥለው ዓመት ሊመለስ ሲችል እኛ ዘንድ በሪሜዲያል ላይ ላለ ተማሪ ግን ያ በር አልነበረም፤ የወጣ ወጣ። ሁለተኛው ልጁን እናቷ ዘንድ ትቶ መቀጠል ሲሆን ብዙ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ በመጀመሪያ የመከራት ይህንኑ ነው። «አራት ወር ነው፣ ቻይው» አልኳት። እርሷ ግን ሒሳቡን ከእኔ አሻግራ ሠርታው ነበር፦ ሪሜዲያሉ አራት ወር ነው፣ ካለፈች ደግሞ ከፊቷ አራት ወይም አምስት ዓመት አለ፤ እናቷ የማሳ ሥራ አለባቸው፣ ዕድሜያቸውም ገፍቷል፤ ዛሬ ያልተፈታው ነገር በመስከረም ተመልሶ ይመጣል። ሦስተኛው ከግቢ ውጭ ክፍል ተከራይቶ ልጁን ማምጣት ነበር። የመረጠችው ይህን ነው።

ለዚህ ምርጫ መሠረት የሆነው ተማሪዎች «ነን ካፌ» የሚሉት አሠራር ነው። በካፌ የማይመገብ ተማሪ የምግብ በጀቱን በገንዘብ ይወስዳል፤ ያኔ በቀን 22 ብር፣ በወር 660 ብር ይደርስ ነበር። በኋላ የቀን በጀቱ ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በ660 ብር ከተማ ውስጥ መኖር እንደማይቻል ለማንም ግልጽ ነው፤ የክፍሉ ኪራይ ብቻ 1,200 ብር ነበር። እናቷ በየወሩ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ጤፍ፣ ሽሮና በርበሬ ይልካሉ፤ የልጁ አባት ለቀን ሥራ አዲስ አበባ ገብቶ አልፎ አልፎ 500 ብር ይልክ ነበር፤ ቀለብ እንዲቆረጥላት ፍርድ ቤት እንድትሄድ ስነግራት «አድራሻው በየወሩ ይለወጣል፣ ማንን ልክሰስ?» አለችኝና ነገሩ በዚያው ቀረ። ቅዳሜና እሑድ የሰው ልብስ ታጥብ እንደነበር ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው። በወጪ መጋራት ደንቡ ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን ከምረቃ በኋላ በዕዳ የሚከፍል በመሆኑ ዶርም መልቀቋ ዕዳዋን ጥቂት ይቀንስላታል። ለዛሬ እንጀራ ግን አይሆንም።

እኅቲቱ

ልጁ በሚያዝያ መጣ፤ ይዛው የመጣችውም የ12 ዓመት ታናሽ እኅቷ ነበረች። ጉዳዩን ሳስበው እንቅልፍ የሚነሣኝ ክፍል ይህ ነው። እኅቲቱ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ልጅ ልትይዝ ከትምህርት ገበታ ተነሥታ መጣች። ታላቂቱ እንድትማር ታናሺቱ ልታቋርጥ ነው ማለት ነው። ከወንድምና ከእኅት አንዱን አስተምሮ ሌላውን ከብት ማስጠበቅ ገጠር ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ እኔም ራሴ የተማርኩት ታላቅ እኅቴ ቤት ስለቀረች ነው። ስለዚህ ተማሪዋን ለመገሠጽ የሚያበቃ ንጹሕ እጅ አልነበረኝም። የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እኅትሽ ዘንድሮ ከቀረች በሚቀጥለው ዓመት ትመለሳለች ብለሽ ታምኛለሽ?» ዝም አለች።

መፍትሔው የተገኘው ከምክር ሳይሆን ከክፍል ጥበት ነው። በዚያ ሴሚስተር የመማሪያ አዳራሽ ስላልበቃ የሪሜዲያል ክፍሎች ገሚሶቹ ጠዋት፣ ገሚሶቹ ከሰዓት በኋላ ይማሩ ነበር። በከተማው ያለው የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤትም እንዲሁ በተማሪ ብዛት ምክንያት በሁለት ፈረቃ ያስተምራል። ሁለቱን መርሐ ግብሮች አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጠን ስናያቸው ታላቂቱ ጠዋት፣ ታናሺቱ ከሰዓት በኋላ ከተማሩ ልጁ ያለ ሰው የሚቀረው ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ብቻ ሆነ። ተማሪዋ ግን የነበረችው በከሰዓቱ ክፍል ነው። ወደ ጠዋቱ እንድትዛወር ማመልከቻ ጻፍን፤ የመጀመሪያው መልስ «በግል ምክንያት የክፍል ለውጥ አይደረግም» የሚል ነበር። ቦታ የሚቀያየራት ተማሪ ፈልጋ ካመጣች በኋላ ግን ዝውውሩ በአንድ ቀን ተፈጸመ። እኅቲቱን ለማስገባትም መሸኛ ከገጠሩ ትምህርት ቤት መምጣት ነበረበት፤ ርዕሰ መምህሩ በዓመቱ አጋማሽ ተማሪ አልቀበልም ብለው ሁለት ጊዜ መለሱን፤ በሦስተኛው ጊዜ ተማሪዋ ሕፃኑን አዝላ ራሷ ገባች፤ እኔ ውጭ ጠበቅሁ። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ ስትወጣ ወረቀቱ ተፈርሞ ነበር። እኅቲቱ የጠፋባት ሦስት ሳምንት ብቻ ሆነ።

የቀረችውን ግማሽ ሰዓት የሞሉት አከራይዋ ናቸው። ተማሪዋ «እትዬ» የምትላቸው እኚህ ሴት በመጀመሪያ ሕፃን ያለውን ሰው አላከራይም ብለው የነበሩ ሲሆኑ ከሁለት ወር በኋላ ልጁ እርሳቸው ካልሰጡት አልበላም የሚል ሆነ።

የሕፃናት ማቆያው እና ሕጉ

ዩኒቨርሲቲያችን የሕፃናት ማቆያ አለው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 እያንዳንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሴት ሠራተኞች የሚያጠቡበትና ልጆቻቸውን የሚያቆዩበት ቦታ እንዲያዘጋጅ ያዝዝ ነበር፤ የእኛም ክፍል የተከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። ንጹሕ ክፍል፣ ሁለት ሞግዚቶችና የተማሪዋን ልጅ ለመጨመር የሚበቃ ቦታ ነበረው። ጥያቄ ስናቀርብ የተሰጠን መልስ ግን ማቆያው ለሠራተኛ እንጂ ለተማሪ አይደለም የሚል ነበር። መልሱ በሕግ ቋንቋ ስሕተት የለበትም። ያው አዋጅ ለወለደች ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ይሰጥ ነበር፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የምትተዳደረዋም ያንኑ ታገኛለች። እዚያው ግቢ ውስጥ ጽዳት የምትሠራ ሴት የወሊድ ዕረፍትና የሕፃን ማቆያ በሕግ ስታገኝ በዚያው ክፍል የምትማረው ግን ሁለቱንም አታገኝም፤ ደመወዝ ስለማይከፈላት ሠራተኛ አይደለችም፣ ልጅ ስላላት ደግሞ ዶርም አትገባም። አዋጁን በሥራ ላይ የሚያውል ሰው ተማሪንም ይጨምራል ብሎ እንዲያነበው አልጠብቅም፤ ዩኒቨርሲቲው ግን በራሱ ሴኔት ሕግ አንድ አንቀጽ ማከል ይችል ነበር፣ ዛሬም ይችላል። በመጨረሻ «ቦታ እስካለ ድረስ» በሚል የቃል ፈቃድ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ተፈቀደላት፤ የፈቀዱት ኃላፊ በተቀየሩ ጊዜ ፈቃዱም አብሮ ቀረ።

አንደኛ ዓመት

ሪሜዲያሉን አልፋ በ2016 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት መደበኛ ተማሪ ሆነች። በአንደኛው ዓመት ሁሉም የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳል፤ ከሥነ አመክንዮና ከሥነ ልቦና ጋር የሰውነት ማጎልመሻም አለበት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሕፃን ስታባብል ያደረች ተማሪ ጠዋት ሜዳ ዙሪያ ስትሮጥ ማየት፣ በመካከላችን ይቅርና፣ ያስቃልም ያሳዝናልም። እርሷ ራሷ ያን ትምህርት ማለፏን ስትነግረኝ ትስቃለች።

ከባዱ ነገር የመጣው በመጀመሪያው ሴሚስተር አጋማሽ ላይ ነው። ልጁ ሳንባ ምች ይዞት ለአምስት ቀን ሆስፒታል ሲተኛ ሁለት ፈተና አመለጣት። የማካካሻ ፈተና ለማግኘት ተማሪው የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ ማስረጃው ግን የታመመው ተማሪው ራሱ መሆኑን ማሳየት ይኖርበታል። በሆስፒታሉ አንዲት ነርስ አዝናላት ወረቀቱን በእናቲቱ ስም ልትጽፍላት ፈቅዳ ነበር። ተማሪዋ ይህን ስትነግረኝ «ምን አልሻት?» ብዬ ጠየቅሁ። «በእኔ ስም ከተጻፈ ልጄ አልታመመም ማለት ነው» አለችኝ። ትክክለኛውን ወረቀት፣ በልጁ ስም የተጻፈውን፣ ከዘገየው የልደት ምስክር ወረቀት ጋር አያይዛ አስገባች። አንደኛው መምህር በዚያው ሳምንት ፈተናት፤ ሁለተኛው ደንቡን ጠቅሶ እምቢ አለ፤ ጉዳዩ ወደ ትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ሄዶ ደንቡ ውስጥ ባለው «ሌላ አሳማኝ ምክንያት» በሚል ሐረግ እስኪፈቀድ ድረስ ግሬዷ ላይ ኤን ጂ (ውጤት ገና አልተሰጠም) ተጽፎ ቆየ። ሦስት ገጽ ቃለ ጉባኤ ስለ አንድ ሐረግ ትርጉም ተጻፈ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሆን ብዬ ያረዘምኩትም ለሚቀጥለው ሰው ማጣቀሻ እንዲሆን ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ አባት የሆነ ተማሪ በዚያው ቃለ ጉባኤ ተጠቅሟል።

የትምህርት ክፍል ምርጫ

በዓመቱ መጨረሻ የትምህርት ክፍል ስትመርጥ እኔና እርሷ ተለያየን። አዋላጅ ነርስነት መማር ፈለገች። እኔ ስታትስቲክስ እንድትመርጥ ለመንኳት፤ ምክንያቴም የአዋላጅነት ትምህርት የሆስፒታል ተግባር ልምምድና የሌሊት ተራ ስላለው ሕፃን ላላት ሴት አይሆንም የሚል ነበር። ጥቂት አዳምጣኝ በጣቷ ቆጠረች፦ ሁለተኛ ዓመት ላይ አብዛኛው ትምህርት በክፍል ውስጥ ነው፤ የሌሊት ተራ የሚበዛው ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ነው፤ ያኔ ልጁ ወደ አራት ዓመቱ ተጠግቶ አጸደ ሕፃናት ይገባል፤ እኅቷ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ትደርሳለች፣ ሌሊት ልጅ ይዞ መተኛት ከቀን ይልቅ ይቀላታል። «መምህር፣ እርስዎ የሚያስቡት ስለ ዛሬው ልጅ ነው፤ እኔ የማስበው ስለ ዛሬ ሦስት ዓመቱ ልጅ ነው» አለችኝ። ተሸነፍኩ፤ መሸነፌም ተገቢ ነበር። እኛ አማካሪዎች እንዲህ ያለችን ተማሪ ቀላሉን እንድትመርጥ የምንገፋት ለእርሷ አዝነን ይመስለናል፤ አንዳንዴ ግን የምንቀንሰው የራሳችንን ጭንቀት ነው።

ውጤቷ ከመካከለኛ በላይ አይደለም፤ አንድ ጊዜም ማስጠንቀቂያ ሊያሰጣት ከሚችለው ከ2.00 ትንሽ ከፍ ብላ ተርፋለች። ከፊቷ እንደ ማንኛውም ተመራቂ የመውጫ ፈተና አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ስለ ፈተናው ስትጠየቅ ብዙ አታወራም።

ዛሬ ያለችበት

አሁን በ2018 ዓ.ም. የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነች። በቅርቡ ለሌላ ጉዳይ ቤታቸው ስሄድ ግድግዳው ላይ ሦስት ወረቀት ጎን ለጎን ተለጥፎ አየሁ፦ የእርሷ የሆስፒታል ተራ፣ የእኅቲቱ የስምንተኛ ክፍል የማጠናከሪያ ትምህርት መርሐ ግብርና ልጁ በቀለም የሳለው፣ አከራይዋ ናቸው የተባልኩት፣ አራት እግር ያለው ነገር። በሆስፒታሉ ወረቀት ላይ ማክሰኞ ሌሊት በቀይ ተከብቧል፤ ረቡዕ ጠዋት እኅቲቱ ሞዴል ፈተና አለባት፤ ስለዚህ በዚያች ሌሊት ልጁን ማን ይዞ እንደሚያድር አልታወቀም ነበር። እትዬ ለዘመድ ለቅሶ አገር ቤት ሄደዋል። ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀድማ፣ ደብተሯን እያነሣች፣ ማክሰኞን ከሐሙስ የምትቀይራት ልጅ ማግኘቷንና ነገ ከነርስ ኃላፊዋ ፊርማ እንደምትቀበል ነገረችኝ።